የግቢ ሣር በአራቱ ወቅቶች

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



«እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እየተባለ ሲተረት ይኖራል። የተረቱ ትርጓሜ ለሁሉ የታወቀ ነው፤ ለራሱ ሆድ ብቻ የሚያስበውን፥ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ትውልድ ግድ የሌለውን ሰው ለመገሠጽ የተነገረ ነው። ነገር ግን ተረቱን ያወጣው ሰው ከሣር ሁሉ ሰርዶን መምረጡ በከንቱ አይደለም። ሰርዶ በቶሎ የማይሞት ሣር ነው፤ ይረገጣል፥ ይጋጣል፥ ይታጨዳል፥ የበጋ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ዝናብ ባየ ጊዜ ግን ከሥሩ ይነሣል። እንግዲህ በብዙ መንደርና በብዙ ትምህርት ቤት ግቢ ሰርዶ እንኳ ጠፍቶ ምድሩ ራቁቱን ሲቀር የሚታየው፥ ሣሩ ደካማ ስለ ሆነ ሳይሆን ጠባቂ ስላጣ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። በደጋ አገር በተዳፋት ላይ የተሠራ አንድ ትምህርት ቤት ይታሰብ። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ጊዜ ግቢው ለምለም መስክ ነበረ። ሕፃናቱ በየቀኑ በአንድ መስመር እየተመላለሱ ሣሩን ረገጡት፤ ማታ ማታ የመንደሩ ከብት ገባበት፤ ለዓውደ ዓመት ጉዝጓዝ የፈለገም ሁሉ ከነሥሩ እየነቀለ ወሰደ። በሁለተኛው ዓመት መስመሩ ተገልጦ ነጭ መንገድ ሆነ፤ በሦስተኛው ዓመት የክረምት ጎርፍ መንገዱን ቦይ አደረገው፤ በአምስተኛው ዓመት ቦዩ ቦረቦር ሆኖ ወደ ቤቱ መሠረት ተጠጋ። በበጋ አቧራ፥ በክረምት ጭቃ ወደ ክፍል ይገባል። መምህሩ «አጥር ይታጠር» ይላል፤ ባለ ከብቱም «አባቶቼ ያገዱበት መስክ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚሉት እውነት አለበት። ነገር ግን እነርሱ ሲከራከሩ ሣሩ አለቀ፤ ሣሩ ካለቀ በኋላ ግን ለመምህሩም ለከብቱም የሚተርፍ ነገር የለም።

ይህ ዓይነቱ ጉዳት እንዳይደርስ፥ የደረሰበትም ቦታ እንዲድን፥ ስለ ሣር ጥቅምና ባሕርይ፥ በየወቅቱም ስለሚገባው ሥራ ከዚህ ቀጥሎ በየተራው ይነገራል።

ሣር ስለሚሰጠው ጥቅም

የዝናብ ጠብታ ትንሽ ቢመስልም ከከፍታ ሲወርድ ኀይል አለው። በባዶ ምድር ላይ ባረፈ ጊዜ አፈሩን ይፈነጥቃል፤ የተፈነጠቀውም ደቃቅ አፈር የምድሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ውኃው ወደ ውስጥ መስረግ ተስኖት በላይ በላይ ይፈስሳል፤ ሲፈስስም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ሣር ባለበት ምድር ግን ጠብታው በቅጠል ላይ ይሰበራል፤ ውኃው በግንዱ በኩል ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሥሩም አፈሩን እንደ መረብ ይዞ ያስቀረዋል።

ሐንስ ሁርኒ የሚባሉ የስዊስ አገር ሊቅ ስለ ኢትዮጵያ ደጋ ምድር አፈር መታጠብ መርምረው፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ግምታቸውን አውጥተዋል። እንደ ግምታቸው ከሚታረስ ምድር ከአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል፤ ከግጦሽ ምድር ግን 5 ቶን ብቻ ነው። ፈጽሞ ተራቍቶ ምርት ካቆመው ምድር የሚሄደው 70 ቶን ይደርሳል። መምህር ይህን ቍጥር ለሒሳብ ትምህርት ሊያውለው ይችላል፤ 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል፥ 5 ቶንም 50 ኩንታል ስለ ሆነ፥ ልዩነቱን ተማሪ በሰሌዳ ላይ ሲያሰላው በየሄክታሩ 370 ኩንታል ይሆናል። በገበያ አንድ ኩንታል እህል ስንት እንደሚያስወጣ የሚያውቅ የገበሬ ልጅ፥ ይህን ያህል አፈር በከንቱ መሄዱ ምን ማለት እንደ ሆነ ያለ አስረጅ ያስተውለዋል።

ከዚህም ሌላ የሕፃናት ጤና አለበት። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ባለባቸው የደጋና የወይና ደጋ አገሮች ብዙ ዘመን በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል። ኧርነስት ፕራይስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርመራ፥ የደጋው ዝሆኔ ትንኝ ከምታስተላልፈው የተለየ እንደ ሆነ፥ ምክንያቱም ከአፈሩ የሚነሣ ደቃቅ ማዕድን እንደ ሆነ አስረድተዋል። የዚህ በሽታ መከላከያ ዋናው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ሣር ጫማን አይተካም፤ ሆኖም ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ አቧራና ጭቃ እንዲቀንስ ማድረጉ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ስለ ሣር ባሕርይ

ብዙ ሰው ሣርን ከእህል ለይቶ ያየዋል። ነገር ግን ጤፍም፥ ስንዴም፥ ገብስም፥ ማሽላም፥ በቆሎም ከሣር ወገን ናቸው፤ የሰው እንጀራና የከብት መኖ ከአንድ ቤተ ሰብ የወጡ ናቸው። ስለዚህ የእህልን ጠባይ የሚያውቅ ገበሬ የሣርን ጠባይ ለማወቅ አይቸገርም።

ዛፍ የሚያድገው ከጫፉ ነው፤ ጫፉ የተቈረጠ እንደ ሆነ ዕድገቱ ይሰናከላል። የሣር ማደጊያ ግን ከታች፥ ከምድር አጠገብ ነው፤ ስለዚህም ከብት ሲግጠው፥ ሰው ሲያጭደው አይሞትም፤ ከታች አዲስ ቅጠል ያወጣል። ይህን ሊያደርግ የሚችለው ግን ቅጠል የተረፈለት እንደ ሆነ ነው። የሣር ቅጠል ወጥ ቤቱ ነው፤ ሥሩም ጐተራው ነው። ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፤ ከፊሉን ለዕለቱ ይበላል፤ የተረፈውን ወደ ሥር ልኮ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ቅጠሉ ሁሉ የተወሰደበት ሣር ከጐተራው አውጥቶ እየበላ አዲስ ቅጠል ያበቅላል። ይህም አንድ ጊዜ ቢሆን አይጐዳውም፤ ሳያርፍ ደጋግሞ የተጋጠ ወይም የተላጨ እንደ ሆነ ግን ጐተራው ባዶ ይሆናል፤ ሥሩ ያጥራል፤ በበጋም ውኃ ካለበት ጥልቀት መድረስ ስለማይችል ይሞታል።

ከዚህ የተነሣ ለሣር ጠባቂ ሁሉ የሚሆን አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሢሶው የበለጠ አለመቍረጥ ነው። ሣሩ ቁመቱ ስድስት ጣት ቢሆን ሁለቱን ጣት ማጨድና አራቱን መተው ይገባል። የሢሶን ሕግ ለማያውቅ ሰው ሣሩን እስከ ምድር መላጨት ንጽሕና ይመስለዋል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥራ ሣሩን ከማድከሙም በላይ ለአረም ብርሃን ይከፍትለታል።

ለግቢ ከሚሆኑት የሣር ዓይነቶች የመጀመሪያው ሰርዶ ነው። በምድር ላይ የሚሳብ ሐረግ፥ በምድርም ውስጥ የሚሄድ ሥር ስላለው የተራቈተውን ቦታ ራሱ ያለብሳል። በዓለም ላይ ሙቀት ባለባቸው ብዙ አገሮች ለቤት ደጅና ለኳስ ሜዳ የሚተከለው ይኸው ሰርዶና ከእርሱ የተዳቀለው ነው። ሁለተኛው በኬንያ ነገድ ስም ኪኩዩ የሚባለው ሣር ነው፤ የተገኘበት አገር ኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሲሆን፥ ከዚህ ተወስዶ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ተስፋፍቷል። ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ከሰርዶ የበለጠ ውኃ ይፈልጋል። በእነዚህ መካከል ማገጥ በቅሎ የተገኘ እንደ ሆነ እንደ አረም ተቈጥሮ እንዳይነቀል መጠንቀቅ ይገባል። ማገጥ እንደ ባቄላና እንደ አተር በሥሩ ላይ ባሉት እንክብሎች የአየሩን ናይትሮጅን ይዞ ምድሩን ያዳብራል፤ ለከብትም የተመረጠ መኖ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ከሃያ የሚበልጡ የማገጥ ዓይነቶች የሚበቅሉበት አገር ነው። ሙጃ ግን ምንም እንኳ ከብት ቢወደው ለግቢ አይሆንም፤ ዕድሜው የአንድ ክረምት ስለ ሆነ ሌላውን ሣር በቁመቱ አፍኖ ሲደርቅ ምድሩን ባዶ ይተዋል።

ሰርዶ በግቢ ወዳጅ፥ በእርሻ ጠላት መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በሣሩና በጓሮ አትክልቱ መካከል አንድ ስንዝር ስፋትና አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ቈፍሮ፥ ተሻግሮ የሚመጣውን ሐረግ በየወሩ መቍረጥ ያሻል።

በጸደይ፤ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25

የአባቶች የዘመን ቈጠራ ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል፤ ጸደይ፥ ክረምት፥ መጸው፥ በጋ ይባላሉ። ነገር ግን ዝናብ በአገሩ ሁሉ በአንድ ቀን አይጀምርም፤ በወሎና በሰሜን ሸዋ የበልግ ዝናብ የሚያገኝ ቦታ አለ፤ ሌላው አገር ደግሞ እስከ ሰኔ ድረስ ይጠብቃል። ስለዚህ ወሩ ለማስታወስ ያህል ይነገራል እንጂ ሥራውን የሚያዝዘው የአገሩ ዝናብ ነው።

ጸደይ የመሰናዶ ጊዜ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ አይቶ ከግቢው በላይ፥ ተዳፋቱን አቋርጦ የሚሄድ የውኃ ማፍሰሻ ቦይ መቈፈር ይገባል፤ ጎርፍ የሚገባበት ግቢ ሣር ቢተከልበት ድካሙ በከንቱ ነው። ቦዩ በጣም ያዘቀዘቀ እንደ ሆነ ራሱ ቦረቦር ስለሚሆን በዝግታ እንዲወርድ ይደረግ። ቀጥሎም ሕፃናት ዘወትር የሚሄዱበት መስመር ተለይቶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍበት። እግር በሚበዛበት ቦታ ሣርን በግድ ማብቀል አይቻልም፤ መንገዱን ለመንገድ ትቶ የቀረውን ማዳን ይሻላል።

ፍግ በዚህ ጊዜ ይዘጋጃል። ትኵስ እበት ሣሩን ያቃጥላል፥ የአረም ዘርም ያመጣል፤ ስለዚህ ብዙ ወራት ተከምሮ የበሰበሰው፥ በእጅ ሲያሹት እንደ አፈር የሚፈረፈረው ተመርጦ በስሱ ይበተን። እበት ለኩበት የሚፈለግበት አገር የሆነ እንደ ሆነ ቅጠላ ቅጠልና የቤት ጥራጊ በጕድጓድ አበስብሶ በፍግ ፈንታ ማዋል ይቻላል። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ አፈሩ ስለሚመጥጥ ጥቂት የእንጨት አመድ መበተንም ይረዳል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን የመጀመሪያው ዝናብ ከዘነበ በኋላ ያሉት ሦስትና አራት ሳምንታት ናቸው። በዚህ ጊዜ ሣሩ የመጨረሻውን ስንቅ ከጐተራው አውጥቶ ለጋ ቅጠል ያወጣል፤ በዚሁ ጊዜ ደግሞ የገበሬው በሬ በበጋ ከስቶ፥ እርሻ ደርሶበት፥ ለምለም ሲያይ ይሮጣል። ለጋውን ቅጠል ከብት የበላው እንደ ሆነ በሬው ብዙ አይጠግብም፤ ሣሩ ግን የዓመቱን ዕድገት ያጣል። ይህን አንድ ወር መታገሥ የቻለ ሰው በነሐሴ እጥፍ ሣር ያገኛል። መታገሥ የሚቻለው ግን ድርቆሽ አስቀድሞ የተከመረ እንደ ሆነ ነው፤ ስለዚህም ነገር በመጸው ክፍል ይነገራል።

ተምችም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከጸደይ እስከ ክረምት መግቢያ ነው። ተምች አስቀድሞ ሣርን፥ ቀጥሎም እህልን የሚበላ ትል ስለ ሆነ፥ የግቢውን ሣር በየማለዳው የሚያይ መምህር ለመንደሩ ሁሉ ዘበኛ ይሆናል፤ ትሉን ባየ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ለገበሬዎችና ለግብርና ሠራተኛ ማስታወቅ ይገባዋል።

በክረምት፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25

ሣር የሚተከለው በዚህ ጊዜ ነው። የሰርዶን ሐረግ ከደህና ቦታ ቈርጦ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ እንዲኖረው አድርጎ መከፋፈል፥ ምድሩንም በዶማ አለስልሶ ተዳፋቱን በሚያቋርጥ መስመር ማበጀት ነው። በመስመሩና በመስመሩ መካከል አንድ ስንዝር ይተውና ሐረጉ አንዱ አንጓ ከአፈር በላይ እስኪቀር ድረስ ይቀበራል፤ ከዚያም አየር እንዳይገባበት በእግር በቀስታ ይረገጣል። ዝናቡ በደህና ከጣለ ክረምቱ ሳይወጣ መስመሩና መስመሩ ይገናኛል። መስመሩ ወደ ታች የወረደ እንደ ሆነ ግን ጎርፍ በመካከሉ እየሄደ ተክሉን ይነቅለዋል፤ ስለዚህ ማቋረጡ አይዘንጋ።

በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት የሚዘጋ መሆኑ ለሣሩ ትልቅ ዕድል ነው። ሕፃናቱ ለዕረፍት በሄዱበት በዚህ ጊዜ ግቢው ለከብትም ተዘግቶ የቈየ እንደ ሆነ፥ ሣሩ የዓመቱን ቍስል ያድናል። ይልቁንም ምድሩ ጥቁር መረሬ በሆነበት አገር ክረምት ሳለ መርገጥ አይገባም፤ የረጠበ መረሬ ሲረገጥ እንደ ሸክላ ጭቃ ይጠቀጠቃል፤ ውኃና አየርም መግቢያ ያጣሉ። የተጠቀጠቀ ምድር ካለ ዝናቡ ጋብ ባለ ጊዜ በሹል እንጨት ወይም በብረት አራት ጣት ጥልቀት ያላቸው ቀዳዳዎች በየስንዝሩ መብሳትና የበሰበሰ ፍግ በላዩ መበተን ይጠቅማል።

ሣሩ ምድሩን ካለበሰ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ፥ ዝናብ ሲበረታም በየሳምንቱ፥ የሢሶው ሕግ ተጠብቆ ይታጨድ። ሰርዶ ሁለት ጣት ያህል፥ ኪኩዩ ሦስት ጣት ያህል ቢቀር ይበቃል። ማጭዱ ስለታም ይሁን፤ ዶልዱሞ የሚገነጥል ማጭድ የቅጠሉን ጫፍ ያቈስለዋል፥ ሥር ያልያዘውንም ይነቅለዋል። ማጨድ ያለበት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ነው።

አረም በእጅ የሚነቀለው ምድሩ ርጥብ ሳለና አረሙ ሳያብብ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት ከውጭ አገር ገብቶ የተስፋፋው ቅንጬ አረም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሲነካ ቆዳን ያሳክካል፥ ብናኙም አስም ያነሣል። ስለዚህ ሕፃናት እንዳይነቅሉት፥ ዐዋቂም እጁን በጨርቅ ወይም በጓንት ሸፍኖ ከማበቡ በፊት ከነሥሩ እንዲነቅለው ይሁን።

የፍልፈል ቍልል የታየበት ቦታ አፈሩ ተበትኖ ሜዳው ይስተካከል። ፍልፈል የተጠቀጠቀውን አፈር እየገለበጠ ስለሚያላላው ሥራው ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ ቍልሉ ሳይበተን የቈየ እንደ ሆነ ግን ከበታቹ ያለው ሣር ታፍኖ ይሞታል።

በመጸው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25

ዝናቡ ሲያበቃ ምድሩ ርጥበቱን ገና ይዟል፤ ሣሩም ወደ ማበብ ይደርሳል። ይህ ጊዜ የድርቆሽ ጊዜ ነው። በብዙ አገር ሰው ሣሩን እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ይተወዋል፤ ብዛቱን አይቶ ነው። ነገር ግን ሣር ዘሩን ካበሰለ በኋላ ኀይሉ ወደ ዘሩ ሄዶ አገዳው እንጨት ይሆናል፤ ከብት ሆዱን ይሞላበታል እንጂ አይወፍርበትም። ዝናቡ እንዳቆመ፥ ሣሩ ማበብ ሲጀምር የታጨደ ድርቆሽ በቍጥር ቢያንስም በጥቅም ይበልጣል።

የታጨደውን ሣር በስሱ ዘርግቶ በመንሽ እያገላበጡ ሁለት ሦስት ቀን ማድረቅ ነው። መድረቁን ለማወቅ አንድ እፍኝ ወስዶ መጠምዘዝ ይበቃል፤ ውኃ ካወጣ አልደረቀም፤ ቅጠሉ ረግፎ ዱቄት ከሆነ ከልክ አልፏል። ሳይደርቅ የተከመረ ሣር ይሻግታል፤ በውስጡም ሙቀት ተነሥቶ እሳት እስከ መያዝ ሊደርስ ይችላል። ክምሩ ከምድር ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በእንጨት ርብራብ ላይ ይሁን፤ ራሱም እንደ ጎጆ ክዳን ይሹል።

መስከረም የበዓል ወር ነው፤ ለእንቍጣጣሽና ለመስቀል በየቤቱ ጉዝጓዝ ይፈለጋል። ልማዱ ያማረ ነው፤ የሚቀረው አወሳሰዱን ማስተካከል ነው። ጉዝጓዝ የሚፈልግ ሰው በማጭድ ይጨድ እንጂ በእጁ አይንቀል። የተነቀለ ሣር ለአንድ ቀን ቤት ያሳምራል፤ የተነቀለበት ቦታ ግን ለብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል። ይህን ትምህርት ለልጆች መስጠት ይሻላል፤ ለጉዝጓዝ ሣር የሚላኩት እነርሱ ናቸውና።

ከድርቆሹ በኋላ የግቢው ሣር እንደገና አይላጭ። ከወትሮው አንድ ጣት ያህል ረዘም ብሎ ወደ በጋ ይግባ፤ ረዘም ያለ ቅጠል ምድሩን ያጠላል፥ ሥሩም ጥልቅ ሆኖ ይከርማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በደጋ ውርጭ ይወርዳል፤ ውርጭ የያዘው ሣር ፀሐይ ሞቆት በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ አይረገጥ፤ የቀዘቀዘው ቅጠል በእግር ሥር ይሰበራልና።

በበጋ፤ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25

በበጋ ሣሩ ይደርቃል፤ ያየውም ሁሉ ሞተ ይላል። ነገር ግን የሰርዶ ቅጠል መድረቅ እንቅልፍ እንጂ ሞት አይደለም፤ ሥሩ በሕይወት አለ። ስለዚህ በገጠር የመጠጥ ውኃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባ እየተቀዳ ለሣር ይፍሰስ አይባልም። ከእጅና ከልብስ እጣቢ የተረፈ ውኃ ካለ ለአዲሱ ተክል ማለዳ ማለዳ ይጠጣ። ሲያጠጡም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ጥልቁ እስኪዘልቅ ማጠጣት ይበልጣል፤ ውኃ በላይ ብቻ ሲቀር ሥርም በላይ ይቀራልና።

ሣርን በእሳት ማቃጠል ለግቢ አይገባም። እሳት ምድሩን ለፀሐይና ለመጀመሪያው ጎርፍ ራቁቱን አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ከዚህም ይልቅ በነፋስ ቀን የሣር ክዳን ባለው መንደር ትልቅ ጥፋት ያመጣል። ስለዚህ በቤቱና በክምሩ ዙሪያ ደረቁ ሣር አጥሮ ታጭዶ፥ የረገፈውም ተጠርጎ እሳት የማይሻገርበት ስፍራ ይበጅ። አጥር ተብሎ ባሕር ዛፍ በግቢው ዙሪያ የሚተክልም ሰው ከሥሩ ሣር አላገኝም ብሎ አስቀድሞ ይቍረጥ፤ ባሕር ዛፍ ውኃውንና ብርሃኑን ስለሚሻማ ከሥሩ ሣር አይበረታም።

ስለ መምህሩና ስለ ባለ ከብቱ

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ በሥራ የሚፈጸመው ሰው የተስማማ እንደ ሆነ ነው። አጥር ብቻ ሣርን አያድንም፤ ያልተስማማ ሰው በሌሊት አጥሩን ይከፍታል።

ስምምነት ሣርን እንዴት እንደሚጠብቅ በመንዝ የጓሳ ምድር ታይቷል። በዚያ ከፍተኛ ደጋ የሚበቅለው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለከብት መኖ ይፈለጋል። የአገሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው፤ የመረጡት አለቃ በሚያዝዘው መሠረት ምድሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ በደረሰ ጊዜ ተከፍቶ ሁሉም በሥርዓት ይወስዳል። የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ የቀድሞው ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጐዳ። ኋላ ግን የአገሩ ሰው ራሱ አዲስ ደንብ አቁሞ ጥበቃውን መልሶታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ ምድሩን ያዳነው የተዘጋ መሆኑ ብቻ ሳይሆን፥ የሚከፈትበት ቀን መታወቁና ሲከፈት በሥርዓት መወሰዱ ነው።

የትምህርት ቤቱም ግቢ እንዲሁ ይሁን። መምህሩና ሽማግሌዎቹ በሚያዝያ ወር ተሰብስበው ግቢው የሚዘጋበትንና የሚታጨድበትን ቀን ይወስኑ። ከብት ወደ ሣሩ ከሚገባ ሣሩ ታጭዶ ወደ ከብቱ ይሂድ፤ ከብት ሲግጥ ከሚበላው ሌላ የሚረግጠውና የሚያበላሸው ብዙ ነውና። የታጨደው በየተራ ለየቤቱ ይከፈል፤ ተራውም ከድኻውና ከመበለቲቱ ይጀምር። ከመስከረም በኋላ ከሚገኘው ድርቆሽ ከፊሉ ተከምሮ በጸደይ፥ በሬው በሚራብበት በዚያ አንድ ወር ለአራሾች ይውጣ። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ ባለ ከብቱ መስኩ ተወሰደብኝ ብሎ የሚያዝንበት ምክንያት አይኖርም፤ የአባቶቹ መስክ የሚያስፈልገውን ሣር በሚያስፈልገው ቀን ሰጥቶታልና። መምህሩም ለክርክር ያጠፋው የነበረውን ጊዜ ለትምህርት ያውለዋል።

ለተማሪዎችም ድርሻ ይሰጥ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ቍራሽ ምድር ተለክቶለት የሣሩን ቁመት በየሳምንቱ በጣት ለክቶ ይጻፍ፤ አንዱ ክፍል በሢሶው ሕግ፥ ሌላው እስከ ምድር እያጨደ እስከ በጋ ይቈይ። የሁለቱ ልዩነት በጥር ወር በታየ ጊዜ ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስተምራል። ልጁ ያየውን ለአባቱ ይነግራል፤ አባትም ከመምህሩ ቃል ይልቅ የልጁን ዓይን ያምናል።

አንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር ለመፈጠር የብዙ ትውልድ ዘመን ይፈጅበታል፤ ለመሄድ ግን ጥቂት ክረምት ይበቃዋል። ዛሬ በግቢው የሚሮጠው ሕፃን ነገ ልጁን ወደዚያው ትምህርት ቤት ያመጣ ዘንድ፥ ቤቱም በቦረቦር አፋፍ ላይ ቆሞ እንዳያገኘው፥ ሽማግሌው ከሚያልፈው ዘመኑ፥ መምህሩም ከሚያልፈው ሹመቱ ባሻገር ማየት ይገባቸዋል። አህያይቱ ከእርስዋ በኋላ ሰርዶ እንዳይበቅል ተመኘች፤ ሰው ግን ከአህያ የሚለየው፥ እርሱ የማይበላውን ሣር ለሚመጣው ልጅ ሲጠብቅ ነው።